የመበለቷ ቅኝት

ባራንኪያ ውስጥ፣ ከወንዙ ወዲህ፣ ከድልድዩ ሥር፣
በሙቀት ያበጠ አንድ የቆርቆሮ በር፤
እዚያ ነው የኒካኖር የእንጨት ሥራ ቤት፣
እኔም ተላላኪው፣ ይኸው አራት ዓመት።

መበለቷ መጣች ተጭና በጋሪ፣
አራት ሰው ተሸካሚ፣ አንድ ሰው ነጂ መሪ።
ፊቷ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለች
ጥቁር ሻሽ ያሰረች አንዲት ሴት አለች።
ስሟን ኦብዱልዮ ነው ያወጣላት፣
በሕይወቱ ሳለ፣ ሚስቱ እየሳቀችበት።
እሱ ሞተ። ስሙ ሠራ። ሳጥኗ ቀረች፣
ሰፈሩን በየቅዳሜው ስትደልቅ ኖረች።

ልጁ ዮማይራ፣ እጇን ከወገቧ፦
«ደረት ትመታለች፣ እሱ ነው ሐሳቧ፤
ከደረት በታች ግን አታውቅም መውረድ፣
የዘንድሮ ዘፈን የሚነሳው ከሆድ።
አርባ አምስት ሄርዝ ላይ ነው የተቃኘችው።
ሠላሳ አራት አድርስልኝ።»
ኒካኖር እርሳሱን ከጆሮው አወጣ፣
መልሶ ሰካው።
«የሙት እጅ አይቆረጥም» አለ።

ክር የለው፣ ጅማት የለው፣ የሚጠመዘዝ ጆሮ የለው፤
ሳጥን ሲቃኝ የሚቃኘው አየር ነው፣ ቱቦ ውስጥ ያለው።
ቱቦው ሲያጥር ትንፋሹ ይፈጥናል፣
ሲረዝም ይከብደዋል፣ ይዘገያል።
ኒካኖር ይህን ከእኔ በፊት ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን ዮማይራ መጣች፣
ብሎኖቹን ራሷ ፈታች።
ስፒከሩን እንደ ድስት ክዳን አነሳን፣
ባትሪ አብርተን አንገታችንን አስገባን።
አቧራ። የሸረሪት ድር። አንድ የቢራ ቆርኪ።
ከኋላው ግድግዳ ጥግ ደግሞ
ጡብ።
አሥራ ሁለት ጡብ፣ በሙጫ ተጣብቆ፣
በጆንያ ተጠቅልሎ፣ ተደብቆ።

ኒካኖር ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ።
መሬት ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ።
«አስፍቶ ነው የሠራት! ልኩን ስቶ!
ሆዷ ሰፍቶ ድምፅዋ ቢወርድበት
ለማንም ሳይነግር ጡብ አጎረሳት!
እኛም ሠላሳ ዓመት ስንሸከም
‹እንዴት ያለ ጠንካራ እንጨት ነው› ስንል!»

ከዚያ ወዲያ መጋዝ አልፈራም።
ጡቡን አወጣን፤ ወረደ ሁለት ሄርዝ።
ሁለት ብቻ! ለአሥራ ሁለት ጡብ!
የቀረው በቱቦው ላይ ወደቀ፦
ሃያ ሳንቲ ሜትር ነበር፣ አርባ አንድ ይሁን።
የሳጥኗ ጥልቀት ግን ሃምሳ፤
አፉ ግድግዳውን ሊስም ደረሰ፣
ሊታፈን ነው፣ ትንፋሹ የት ይመለሳል?
እኔ ተላክሁ ወደ ኤሊየሰር፣ የፍሳሽ ሠራተኛው፣
አንድ ግራጫ ክርን ይዤ መጣሁ፣ ሽታውም አብሮኝ።
አጠፍነው፣ ሲሊኮን ቀባነው፣
ሌሊቱን ደርቆ አደረ።

በጠዋት ስፒከሩ ወረቀት ላይ ጨው በተንን፣
ዮማይራ ድምፁን ወደ ታች ጎተተች።
ሃምሳ፤ ጨው ዘለለ። አርባ፤ ተንቀጠቀጠ።
ሠላሳ አራት ላይ
ጨው ቆመ።
እንደ ተኛ ልጅ፤
ወረቀቱ ዝም፣ የሚያዩት ሁሉ ዝም፤
ቱቦው ግን የኒካኖርን ሸሚዝ ነፋው፣
ፍቅፋቂውን ከወለል አነሳው፣
መስኮቱ ጥርሱን አፋጨ።
የሚጮኸው የትኛው እንደሆነ
እጄን ባልሰድ አላውቅም ነበር።
ትንሽ ዝቅ ስትል ጨዉ አበደ፣ ተበተነ።
«በቃ!» አለ ኒካኖር፣ «ገደሉ እዚያ ነው።»

ቅዳሜ ዶኛ ፍሬዴስቪንዳ መጡ፣
ጀርባቸውን ለሳጥኗ ሰጥተው ተቀመጡ።
አንድ ዘፈን ሙሉ። ሁለት።
«ይመታኝ ነበር» አሉ፣ «እዚህ» ደረታቸውን ነክተው፤
«አሁን በወንበሩ እግር ይመጣል።»
ደግ ይሁን ክፉ አልነገሩንም።
ዮማይራ ድምፁን በትንሹ ቀነሰች፣
ቆይታ መለሰችው።

ጡቦቹስ? አሥሩ ለበራችን ደረጃ ሆኑ።
ሁለቱን ዶኛ በፌስታል ይዘው ተነሱ።
«ይከብዳል፣ ልያዝልዎት» አልኳቸው።
«ክብደቱን አውቀዋለሁ» አሉኝ፣
«ያን ጊዜም እኔ ነኝ ያቀበልኩት።»